አያ ካሳ ያልወደደው ሙዚቃ

ለምወድሽ እህቴ ለቆንጅት፤

እቴ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የበርገን ዝናብ አጥንት ድረስ ይገባል ስትዪኝ፣ እኔ እዚህ ላቤን እየጠረግሁ ስለምሰማሽ ለማመን ይቸግረኛል። ክብሮም ጤናው እንዴት ነው? ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ተደግፎ ነው የሚነሳው? ሳምራዊትስ፣ ትምህርቱ በረታባት ወይስ እሷ በረታችበት? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ባለቤቴ ለተ ብርሃን ስኳሯን በመድኃኒቱም በእግር ጉዞውም ይዛዋለች። ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ይዟል፤ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ወፉ ግን ከዋጃ በኩል እንደ ደመና እየመጣ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ውሎው ማማ ላይ ሆኗል። ጎረቤቶቻችንም ደህና ናቸው፤ ስምሽን የማያነሳ የለም።

ባለፈው ስንደዋወል የአያ ካሳን ነገር ጀምሬልሽ መስመሩ ሲቆረጥ ሲቀጠል፣ «እንዲህ በቁርጥራጭ አልሰማም፤ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያው ጻፍልኝ፤ ሳምራዊትም ሰውዬው ማን ነበር እያለች ትነዘንዘኛለች» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። በሚያዝያ መርዶውን ብቻ ነው የነገርኩሽ፤ መርዶ ደግሞ ሰውን ይገድላል እንጂ ሰውዬው ማን እንደነበር አይናገርም። የጎረቤታችን የደስታ ልጅ ወደዚያው አገር ስለምትመጣ ይህን በእጇ እልክልሻለሁ። መጨረሻ ላይ የምጠይቅሽ አንድ ጉዳይ አለኝ፤ መልስ ለመስጠት ግን መጀመሪያ ሁሉንም ማወቅ ይኖርብሻል።

መነሻውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ለሳምራዊት ብዬ ልድገመው። አያ ካሳ የአባታችን ታናሽ ወንድም ነው። አባታችን ሞፈር ሲይዝ እሱ ደብተር ያዘ። ደሴ ሄዶ መምህር ሆነ፤ ለተማሪዎቹ መዝሙር ሲያስጠና ያዩት ሰዎች ለከፍተኛ ትምህርት አጩትና በሰባ ዓመተ ምሕረት ግድም ቡዳፔስት የሚባል ከተማ ላኩት። ሙዚቃ ሊማር ሄደ ሲባል ክራር ወይ ጊታር አንጠልጥሎ የሚመለስ የመሰለው ብዙ ነበር። እሱ ግን የተማረው መጫወቱን ሳይሆን መመርመሩን ነው፤ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ፣ በምን በምን እንደተገጣጠመ፣ ወዴትስ እንደሚሄድ። አባታችን ለገበያ ባልንጀሮቹ «ወንድሜ እኮ የሙዚቃ ዶክተር ሆነ» ሲላቸው፣ አንዱ «ለመሆኑ ሙዚቃን ምን አመመው?» አለው ይባላል።

እዚያ ሳለ ነው ጆሮው የተለወጠው። በዘመኑ በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚደርሱትን አዲስ ሙዚቃ ሰማ፤ እግር የማያስመታ፣ ዜማው እዚህ ነው ሲሉት እዚያ የሚገኝ፣ አንዳንዴም ከዝምታ በቀር ምንም የሌለበት። መጀመሪያ እንደተናደደ፣ ኋላም ንዴቱ ራሱ እንደገረመው እየሳቀ ነግሮኛል። አዲስ አበባ ተመልሶ ሲያስተምርም በጋዜጣ ሲጽፍም ነገሩ አንድ ነበር። አገር የሞቱ ሰዎችን ዜማ ብቻ ሲያዳምጥ የኖረ እንደሆነ በሕይወት ያሉት ዲዳ ይሆናሉ ይል ነበር። የድሮውን ይንቃል ብለው ያሙት ነበር፤ አልነበረም። የድሮውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ብቻ አዲሱ በር ላይ ቆሞ ሲጉላላ ማየት አይችልም።

የራዲዮኑን ነገር አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሺው ይሆናል። እሑድ ከሰዓት በራዲዮ አዲስ ሙዚቃ የሚያሰማበት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። አባታችን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ ራዲዮኑን ሳጥን ላይ አስቀምጦ፣ ወንድሙን ሊያሰማ ተዘጋጀ። የአያ ካሳ ድምፅ መጣ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ስለ አንድ ወጣት ደራሲ ተናገረ። ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ፤ ሽቦ በድንጋይ የሚፋቅ፣ ዋሽንት ውስጥ ትንፋሽ ብቻ የሚገባ የመሰለ ነገር። አባታችን ቁልፉን ግራ ቀኝ አዞረ፣ ባትሪውን አውጥቶ በፀሐይ አሞቀ፣ ምንም። በማግስቱ ራዲዮኑን አንቺን አሸክሞ ገበያ ውስጥ ወደ ነበረው ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ወደ ውዱ ሄደ። ውዱ ከፈተው፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመውና፣ «ጋሼ፣ ራዲዮንዎ ደህና ነው። የተበላሸው ወንድምዎ ነው» አለው። አባታችን እስከ መስቀል ድረስ ውዱን አላነጋገረውም።

ለካስ ያን ቀን በየአገሩ እንዲሁ ሆኖ ኖሯል። ጣቢያው ተበላሸ፣ መስመር ተጠለፈ እያሉ የደወሉ ብዙ ናቸው። ክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ወደ ማይሰማበት ሰዓት ተገፋ፣ ቀጥሎ ታጠፈ፤ እሱንም ሸክላና ካሴት የሚቀመጥበት ክፍል አስገቡት። የውዱን ቃል ከዓመታት በኋላ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እሱስ ይሁን፤ ራዲዮኑን ሊያስጠግን የወሰደ ሰው እኮ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜ ሁሉ ማስተማርና መከራከር ነው ያሳለፈው። ልጅ አልወለዱም። ባለቤቱ እትዬ ብሩክታዊት የአላማጣ ሰው ነበረች፣ ጨዋታ አዋቂ። «ልጅ ሆኜ ከሰው ጋር የሚጣላ ባል እንዳይገጥመኝ ነበር ስለቴ፤ ከጆሮ ጋር የሚጣላ ሰጠኝ» ትል ነበር። እሷ ስታርፍበት አዲስ አበባ ባዶ ሆነችበትና በሁለት ሺህ ስምንት ጠቅልሎ ወደኛ መጣ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ተዘግቶ የኖረውን የደጁን ክፍል ከፈትንለት። ፒያኖው በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ያየሽ ቢሆን! አውራጆቹ ቁም ሳጥን መስሏቸው ሊያጋድሙት ሲሉ ውስጡ ተንጫጫ፤ አንደኛው ደንግጦ እጁን ለቀቀ፤ በመከራ ገባ። የቆቦ ሙቀት ደግሞ ወር ሳይሞላው ክሩን ሁሉ አላላው። እሱ ግን እንዲያው በላላው ሲጫወት ይውላል፤ «ይሄኛው ፒያኖ የራያ ሰው ሆኗል፣ እንደ ፈቀደው ነው የሚናገረው» ይላል።

የከተማው ሰው በመምጣቱ ደስ አለው። የሶለል በዓልን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ አማካሪ ሁንልን አለው። ሳምራዊት ካላወቀች ንገሪያት፤ ሶለል የእኛ ልጃገረዶች በነሐሴ አምረውና ተውበው የሚጨፍሩበት በዓል ነው። ኮሚቴው የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ ምሁር ነውና ዘፈኑ አንዲት ቃል ሳይለወጥ እንዲቆይ ይጻፍልን፣ ይቆለፍልን ነው። አያ ካሳ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ «ልጃገረዶቹ በየዓመቱ ግጥም ይጨምሩበታል፤ እንዴት አድርጌ ነው የምቆልፈው? አፋቸውን ልቆልፍ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ያከብሩታል፤ ይጠሩታል፤ ግን ሲናገር እርስ በርስ ይተያያሉ።

አሁን ወደ ሀናን ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው እሷ ላይ ነው። ሀናን የጎብዬው የመህዲ ልጅ ናት። መህዲ ከጎብዬ ወጣ ብሎ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ልጅቱ በየሰርጉ ኪቦርድ ትጫወታለች፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ጎብዬ አንድ ሰርግ ተጠርተን ስንሄድ አያ ካሳ ሰማት። ሰዉ ምሳ ሲበላ፣ ማንም አይሰማኝም ብላ፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን መሸጋገሪያ ላይ ግራ የሆነ ነገር ትጫወታለች። እሱ ጉርሻውን አፉ አጠገብ አድርሶ ቀረ። ተነስቶ ሄዶ፣ «ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት። «ማንም፤ ጋሼ ይቅርታ፣ ሲሰለቸኝ ነው» አለችው። «ደግ፤ ሰርግ ባይሆንም ሲሰለችሽ ወደ ቆቦ ነይ» አላት።

ሁለት ሳምንት ሳይቆይ መህዲ ቤታችን መጣ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ግን ፊቱ ጠበቅ ብሏል። «አያ ካሳ፣ ሰርግ ላይ መጫወቷን ራሱ በስንት ሙግት ነው የፈቀድኩት። እርስዎ ምን ሊያደርጓት ነው?» አለ። አያ ካሳም፣ «የምትሰማውን ነገር መጻፍ አስተምራታለሁ። ሌላ ምንም አላውቅበትም» አለው። መህዲ አሰበ፣ አሰበና፣ «እንግዲያው በሩ ክፍት ይሁን፣ ለተ ብርሃንም አጠገባችሁ ትቀመጥ» አለ። እንዲያ ሆነ። ለተ ብርሃን ደጃፉ ላይ ምስር ስትለቅም፣ ጥጥ ስትፈትል፣ እነሱ ኖታ ሲጽፉ ስንት ወር አለፈ። ኋላማ ለተ ብርሃን ከጓዳ ሆና፣ «ሀናን፣ ቀድመሻል፣ አንድ ቆጥረሽ ግቢ» ማለት ጀመረች። ሳትፈልግ ተማረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን አልዘረዝርልሽም፤ በስልክ የተላቀስነው ይበቃል። እኛ ደሴ ገባን፤ አያ ካሳን እየጎተትን ነው ያወጣነው። ስንመለስ ፒያኖው ተሰባብሮ፣ ሸክላዎቹ ግቢው ላይ ተበትነው አገኘን። አጎንብሶ አንዱን ስባሪ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «የሰው ነፍስ እንዲህ በረገፈበት አገር ለሳጥን አላለቅስም» አለ፤ ዳግመኛም አላነሳውም። የመህዲ ፓምፕም አገልግሎት መስጠት አቁሞ ነበር። እሱና ገበሬዎቹ ሞተሩ ላይ ነፍስ ለመዝራት ስንት ሳምንት ታገሉ። ይነሳል ሲሉት ይንተፋተፋል፣ ይስላል፣ ይጠፋል። ማሳው አጠገብ የሰው ዓይን ሁሉ ያች ሞተር ላይ ነው። ሀናን በስልኳ ያን ሁሉ ቀድታ ኖሯል። በማሽላው ጊዜም ማማ ላይ ያሉ ሴቶች ወፍ ለማባረር የሚጣሩትን ቀዳች።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘችና ከዓመት በላይ ስትሠራ ቆይታ አንድ ቀን ይዛልን መጣች። እኔ፣ ለተ ብርሃንና አያ ካሳ ተቀምጠን ሰማን። እቴ፣ እንዴት ልንገርሽ፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ይጠፋል። ዝም ይላል፣ ረጅም ዝምታ። እንደገና ይነሳል፣ ይጠፋል። በመካከል የኪቦርድ ድምፅ እንደ ጭስ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ከሩቅ የሴቶቹ ጥሪ ይገባል፣ እሱም እንደገና ይቆረጣል። ለተ ብርሃን ዓይኗን ጨፍናለች። አያ ካሳ ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ፣ ሳያልቅ ብድግ አለ። «ሀናን፣ ፓምፕ ፓምፕ ነው። ይሄ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ወጣ።

ልጅቱ ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ ሻይዋን ሳትጠጣ ሄደች። አያ ካሳም ለብዙ ቀን ከማንም ጋር ማውራት ተወ። በጠዋት ይወጣል፣ በዋናው መንገድ ዳር እስከ ከተማው ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ለተ ብርሃን ገንፎ ሠርታ ስትሰጠው እንኳ እህል አላሰኘኝም ይላል። እኔ የታመመ መስሎኝ ሐኪም ልጥራ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ለተ ብርሃንን ጠርቶ፣ «ወንድሜ ራዲዮኑን ለምን ሊያስጠግን እንደወሰደው ገና ዛሬ ገባኝ» አላት። ልብሱን ለባበሰና ባጃጅ ጠርቶ ጎብዬ ወረደ።

እዚያ የሆነውን መህዲ ነው የነገረኝ። አያ ካሳ የግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጦ ኖታውን ከነወረቀቱ አምጪልኝ አላት። ከቁርስ እስከ አስር ሰዓት አንድ በአንድ ሲጠይቃት ዋለ፤ ይሄ ለምን እዚህ ገባ፣ ያ ለምን እዚያ ቆመ፣ ዝምታው ለምን ይህን ያህል ረዘመ እያለ። ለሁሉም መልስ ነበራት። ሲነሳ፣ «አልወደድኩትም። ግን አውቀሽ ነው የሠራሽው። ይሰማ» አላት። መህዲ እሷ በዚህ ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች አለኝ።

ይሰማ ማለቱ ለወግ አልነበረም። በካቻምናው ሶለል የማጠቃለያ ዝግጅት ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ይቅረብ ብሎ ለኮሚቴው አመለከተ። ስብሰባውን ደግፌው ስለሄድኩ በጆሮዬ ሰማሁ። አንዳንዱ የሞተር ጩኸት በበዓል ላይ ነውር ነው አለ። አንዳንዱ ሐዘናችንን መጫወቻ አደረገችው አለ፤ ይህን ያሉት ልጅ የሞተባቸው ሰው ነበሩ። ሰብሳቢው በመጨረሻ፣ «ጋሼ ካሳ፣ ለመሆኑ እርስዎ ወደውታል?» ብሎ ጠየቀው። እኔ መልሱን ስለማውቀው አንገቴን ደፋሁ።

«አልወደድኩትም» አለ።

ቤቱ ሳቀ። ሰብሳቢውም፣ «ታዲያ ምን ያከራክረናል?» አለው። አያ ካሳ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። «የምወደውንማ ቤቴ ተቀምጬ እሰማዋለሁ፤ ጠበቃ አያሻውም» አለ። «ይህች ልጅ አንዲትም ድምፅ እንዳጋጣሚ አላስቀመጠችም። እኔ አልወደድኩትም ማለት ጆሮዬ የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው ማለት ነው። የሷ ሙዚቃ እዚህ ያልቃል ማለት አይደለም።» የኮሚቴው አባል የሆኑት መሪጌታ ይኼኔ ጣልቃ ገቡና የአባቶችን ዜማ ትተን ወዴት እንሄዳለን አሉ። አያ ካሳ፣ «ቅዱስ ያሬድም እኮ በዘመኑ አዲስ ነበር» አላቸው። «ያሬድ ከሰማይ ነው የሰማው፤ ይህችስ ከወዴት ሰማች?» አሉት። «ከአባቷ ጉድጓድ» አላቸው። መሪጌታው ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። በመጨረሻ፣ የክብር እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይቅረብ ተብሎ ተፈቀደ። ይህ እንደ ውርደት ነው ብዬ ስቆጣ፣ «ተወው፣ የክብር እንግዳ ሰዓቱን ሲያይ ነው የሚውለው» አለኝ።

ዕለቱ ደረሰ። እንግዶቹ ሲወጡ ከሰዉም ግማሹ ተከትሎ ወጣ። ሀናን ኮምፒውተሯን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ኪቦርዷ ፊት ተቀመጠች። አብረዋት ከማማ ላይ የወረዱ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጠላና ሻሻቸውን አስተካክለው ቆመዋል፤ ጥሪውን በአካል ሊጣሩ ነው። ሞተሩ ሲንተፋተፍ ልጆች ሳቁ፤ አንድ ገበሬ «ናፍጣ ጨምሩበት!» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ሰው ወጣ። ሞተሩ ሁለተኛ ሲሞክር ሳቁ ቀነሰ። ሦስተኛ ሲሞክር ቤቱ ጸጥ አለ። ይሄኔ ከኋላ፣ አልመጣም ሲል የሰነበተው መህዲ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ «ዝም በሉ፣ አሁን ይነሳል!» አለ። ሙዚቃ መሆኑን ረስቶታል። ሞተሩ አልተነሳም። ረጅም ዝምታ ሆነ፣ ከዚያ ሴቶቹ ተጣሩ።

ሲያልቅ ያጨበጨበም አለ፣ አንገቱን ነቅንቆ የወጣም አለ። ስብሰባው ላይ ሐዘናችንን ያሉት ሰው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቆዩ፤ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ አልጠየቅኋቸውምም። አያ ካሳ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ሀናን ስትመጣ፣ «መሃሉ ይረዝማል፤ አሳጥሪው» አላት። «ጋሼ፣ አላሳጥረውም። እኛ የጠበቅነው ከዚህ ይበልጣል» አለችው። በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ እየደጋገመ፣ «እምቢ አለችኝ እኮ! ሰማህ? እምቢ አለችኝ» እያለ ይስቃል። «አሁንስ ወደድከው?» አልኩት። «የለም። አሁንም ራሴን ያመኛል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ልቡ እየደከመ ሄደ። ወልድያ አስተኝተነው ትንሽ አገገመ፤ ኋላ ሐኪሙ ራሱ ቤት ይዋል አለን። ሀናን በየሳምንቱ እየመጣች ያልጨረሰችውን ሥራ ታሰማዋለች፤ እሱም ይተቻል፣ እሷም ትከራከረዋለች። አንዳንዴ ድምፃቸው ከፍ ሲል ለተ ብርሃን ገብታ ታረጋጋለች። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ለተ ብርሃንን መስኮቱን ክፈቺልኝ አላት። ማዶ ሰርግ ነበርና ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ትንሽ አዳመጠና፣ «ከበሮው ቸኮለ» አለ። ውሃ ልታመጣለት ወጥታ ስትመለስ ዐርፎ አገኘችው። ስቃይ አላየም፤ ይህን በርግጥ ልነግርሽ እችላለሁ።

ለቅሶው ትልቅ ነበር። ከጎብዬም ከዋጃም ከአላማጣም ሰው መጣ። መህዲና ሀናን ከጠዋት እስከ ማታ ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲያስተናግዱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የድሮ ተማሪዎቹ ደረሱ። ከነሱ አንዱ ዓወት የሚባል ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሰው ነው፤ ሙዚቃ ደራሲ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ረጋ ሲል ዓወት ጨዋታ አመጣ። ወጣት ሳለ የደረሰው የመጀመሪያ ሥራው ሲቀርብ ሰዉ አንድ በአንድ እየወጣ አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር አለ። ሲያልቅ የቀሩት ጥቂቶቹም እጃቸውን አላነሱም። አያ ካሳ ብቻውን ተነስቶ አጨበጨበና ለተጫዋቾቹ፣ «የሚሄደው ሄዷል፤ እባካችሁ አሁን በጸጥታ ደግማችሁ አሰሙን» አላቸው። ደገሙት። «ያን ቀን ወደ ቤቴ ሄጄ ወረቀቴን ላቃጥል ነበር ያሰብኩት፤ እሱ ነው ያተረፈኝ» አለ ዓወት።

ሀናን ከሴቶቹ በኩል ሆና ታዳምጥ ነበር። «ጋሼ፣ እሳቸው የእርስዎን ሥራ ይወዱት ነበር?» አለችው።

ዓወት ወደ እሷ ዞረ። «ስንት ዓመት ለመንኩት፤ ወደድከው ወይ እያልኩ» አለ። «አንድ ቀን ሲሰለቸው፣ ወድጄዋለሁ አላልኩህም፣ ይሰማ ነው ያልኩት አለኝ። ተቀየምኩት። ብዙ ዓመት ቤቱ አልረገጥኩም። የብሩክታዊት ለቅሶ ላይ ነው የታረቅነው።»

ሀናን ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እኔን የወደዱልኝ ሰዎች አሉ፤ አላህ ይስጣቸው» አለች። «ወደውልኝ ግን ሰው ፊት የቆመልኝ የለም። ሳይወዱ የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው።»

ዓወት ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ አያ ካሳን ዘጠኝ ዓመት ያህል ቤቴ አስቀምጬው፣ አብሬው በልቼ፣ ምን ሲሠራ እንደኖረ ያን ቀን ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የደጁ ክፍል እንደምታውቂው በሩ ወደ ዋናው መንገድ ነው። ለሱቅ የሚፈልጉት ሰዎች እየተመላለሱ ነው። ሀናን ደግሞ እዚያው ልጆች ሰብስባ ማስተማር ጀምራለች፤ ሴትም ወንድም፣ ከቆቦም ከጎብዬም ይመጣሉ። ክፍሉን ተዉልኝ ብላ በአፏ አልጠየቀችም፤ አትጠይቅምም፣ ትፈራለች። ቤቱ የአባታችን ስለሆነ ግማሹ ቃል ያንቺ ነው። የእኔ ሐሳብ እንድንተውላት ነው። ለተ ብርሃንማ ከእኔ ቀድማ ወስናለች፤ ቁልፉን ሰጥታት እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ግን ያንቺን ሳልሰማ አጸናለሁ አልልም። አሳቢበት፣ ከክብሮምም ጋር ተመካከሪ። እሺ ካልሽ ደስ ይለኛል፤ አይሆንም ካልሽም ቅር አልሰኝም፣ እኔው ራሴ አስረዳታለሁ።

ለክብሮም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን ከባድ ዕቃ ከማንሳት ይጠብቅ። ሳምራዊትን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችው ሰው ይኸው ይህ ነበር በያት። ለተ ብርሃን አንቺን ጉንጭሽን፣ ልጅሽን ግንባሯን ስማለች፤ ደርቆ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ በደስታ ልጅ እጅ ልካልሻለች። ልጆቼ ሁሉም አክስታችን እያሉ ይናፍቁሻል፤ ትልቁ ዘንድሮ ያገባል፣ ቀኑን ስናውቅ እነግርሻለሁ። መህዲ «የማላውቃት እህቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም» ብሏል። ውዱም አለ፤ አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል፣ ግን ሰላምታሽን ሳደርስለት ስምሽን በአንድ ጊዜ ለየው። ሀናን ከቀዳችው የሴቶቹን ጥሪ ብቻ ለይታ በስልክ ልትልክልሽ ትፈልጋለች፤ መቀበል የምትችዪበትን መንገድ ከሳምራዊት ጠይቂና ንገሪኝ።

እግዚአብሔር በደህና ያቆይሽ፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

ታናሽ ወንድምሽ
ይድነቃቸው

ቆቦ፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.